ፓውደሩ ውስጥ ምን ነበር?

ሰሞኑን የወለደች የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ «ቲቸር፣ ለሕፃን ፓውደር ማድረግ ችግር አለው እንዴ?» ብላ ጻፈችልኝ። እኛ ጋ ልጅ ታጥቦ ፓውደር ካልተነሰነሰበት የታጠበም አይመስለን! አጭሩን መልስ ሐኪሞች ይሰጣሉ፦ ብናኙን ሕፃኑ ወደ ሳንባው ስለሚስበው ባይደረግ ይሻላል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝና አንድ የሆነ ነገር ላውጋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ ጤነኛ የነበሩ ሕፃናት መቀመጫቸው እየቆሰለ፣ እያስመለሳቸው፣ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። ምክንያቱ የታወቀው ብዙዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው። ዳይፐር ሲቀየር የሚነሰነሰው «ታልክ ሞራንዥ» የተባለ ፓውደር ሲመረት ሄክሳክሎሮፊን የሚባል ጀርም ገዳይ በስህተት ተቀላቅሎበት ኖሯል፤ ያውም ከ6 በመቶ በላይ። 204 ሰዎች ታመሙ፣ አብዛኞቹ ሕፃናት። 36ቱ ሞቱ።

እስቲ አስቡት። እናት የልጇ ቆዳ ሲቀላ ምን ታደርጋለች? እንዲደርቅለት ፓውደሩን ትጨምርበታለች። የቆሰለ ቆዳ ደግሞ መርዙን ይበልጥ ያስገባል።

ሄክሳክሎሮፊን ግን የተደበቀ መርዝ አልነበረም፤ እንዲያውም የተመሰገነ ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በየማዋለጃ ክፍሉ አራስ ሕፃናት 3 በመቶ ሄክሳክሎሮፊን ባለው ፈሳሽ ሳሙና ይታጠቡ ነበር፤ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ እንዳይዛቸው። ደግሞም ይሠራል። በኋላ ግን በቆዳ ዘልቆ ደም ውስጥ እንደሚገባና አንጎልን እንደሚጎዳ ታወቀ። በተለይ ያለጊዜያቸው የተወለዱት፣ ቆዳቸው ገና ስስ ስለሆነ፣ የባሰ ይጎዱ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1971 መጨረሻ አስጠነቀቀ፤ በ1972 መስከረም ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ከለከለ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቀላል አይደለም። ከማስጠንቀቂያው በኋላ እጥበቱን ባቆሙ አንዳንድ ሆስፒታሎች ያ ባክቴሪያ ተመልሶ አራሶቹን ያዘ። መጀመሪያውኑ ሰዎቹ በዚህ ሳሙና ያጠቡት በሞኝነት አልነበረም ማለት ነው።

ፈረንሳይ በ1975 የመዋቢያና የንጽሕና ምርቶችን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣች። ለዚያ ሕግ መነሻ የሆኑት እነዚያ ሕፃናት ናቸው።