እኅተ ክርስቶስ፦ የስሙ ትርጕም፣ ምንጭና አጠራር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቤተ ክርስቲያናችን ለሴት ልጆች በክርስትና ከሚሰጡ ስሞች መካከል ደጋግመን የምንሰማቸው «ወለተ ማርያም»፣ «ወለተ ሥላሴ»፣ «ወለተ ጊዮርጊስ»፣ «አመተ ማርያም» የሚሉትና እነርሱን የሚመስሉት ናቸው። «እኅተ ክርስቶስ» ግን እምብዛም አይሰማም። ስሙ ከጣና ገዳማት ታሪክ ጋር የተሳሰረ፣ መሠረቱም ወንጌል ሆኖ ሳለ ብርቅ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ ትርጕሙን፣ ምንጩን፣ ያልተለመደበትን ምክንያትና በአጠራሩ ላይ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የቃሉ ትርጕም

ስሙ ከሁለት ቃላት የተገኘ ነው። «እኅት» የግእዝ ቃል ሲሆን በአማርኛ «እህት» የምንለው ነው። በግእዝ ሥርዓት ስም ዘርፍ ሲያስከትል የመጨረሻው ሳድስ ፊደል ወደ ግእዝ ይለወጣል፤ «ቤት» በ«ቤተ መቅደስ»፣ «ወለት» በ«ወለተ ማርያም» እንደሚለወጡ ሁሉ «እኅት»ም «እኅተ» ይሆናል። ስለዚህ «እኅተ ክርስቶስ» ማለት «የክርስቶስ እኅት» ማለት ነው። በጽሕፈት ጊዜ ትክክለኛው ፊደል ብዙኃኑ «ኅ» ነው፤ ሃሌታው «ህ» ወይም ሐመሩ «ሕ» አይደለም።

ከሌሎቹ የክርስትና ስሞች ጋር ስናነጻጽረው የስሙ ጠባይ ይበልጥ ይገለጣል። «ወለተ» ልጅነትን ይናገራል፤ ሕፃኗ በስሙ የምትጠራበትን ቅዱስ እንደ አባት አድርጋ በጸሎቱ እንደምትጠበቅ ያመለክታል። «አመተ» አገልጋይነትን ይናገራል። «እኅተ» ደግሞ ዝምድናን፣ አብሮ መቆምን ይናገራል።

መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሠረቱ

አንድ ሰው ለፍጡር «የክርስቶስ እኅት» የሚል ስም መስጠት ድፍረት አይሆንምን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ከራሱ ከጌታችን ትምህርት ይገኛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከቁጥር 46 እስከ 50 እንደተጻፈው ጌታችን ሕዝቡን ሲያስተምር ዘመዶቹ በውጭ ቆመው እንደሚፈልጉት ተነገረው። እርሱም ደቀ መዛሙርቱን አመልክቶ የአባቱን ፈቃድ የሚፈጽም ሁሉ ወንድሙ፣ እኅቱና እናቱ እንደሆነ አስተማረ። ቅዱስ ጳውሎስም በዕብራውያን መልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 11 ክርስቶስ የተቀደሱትን ወንድሞች ብሎ ለመጥራት እንደማያፍር ጽፏል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ይህ እኅትነት የሥጋ አይደለም። እመቤታችን ድንግል ማርያም ዘለዓለማዊት ድንግል ናትና በወንጌል «የጌታ ወንድሞችና እኅቶች» የተባሉት ከእርሷ የተወለዱ አይደሉም። በስሙ የምትጠራ ክርስቲያንም እኅትነቷ በጸጋ ነው። ሁለተኛ፣ ጌታችን እኅትነቱን የአብን ፈቃድ ከማድረግ ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ስሙ ክብር ብቻ ሳይሆን አደራም ነው፤ ሕፃኗ ስታድግ እንዲህ ሆና እንድትገኝ የተጣለባት አደራ።

ስሙ በታሪክ

በዚህ ስም ከተጠሩት መካከል በቤተ ክርስቲያን ታሪክ በይበልጥ የምትታወቀው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የገዳም ባልንጀራ የነበረችው እናታችን እኅተ ክርስቶስ ናት። ታሪኳ የሚገኘው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች ሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ገላውዴዎስ በተባለ መነኰስ በግእዝ በተጻፈው በገድለ ወለተ ጴጥሮስ ውስጥ ነው።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ የተወለደች ወይዘሮ ነበረች። የእናቷም ስም እንዲሁ ብርቅ ነው፤ «ክርስቶስ ክብሯ፣ ታላቅነቷ ነው» ማለት ነው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረውን መልክአ ክርስቶስን አግብታ ነበር። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በ1609 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተገደሉ በኋላ ባሏን ትታ ወደ ጣና ገዳማት ሄደች። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ትዳሯንና ቤቷን ትታ የመጣች ነበረች። ሁለቱ እናቶች ተገናኝተው በአንድነት በምንኵስና ኖሩ።

ዘመኑ የፈተና ዘመን ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብሎ ሕዝቡንም ወደዚያው ሊያዞር በሞከረ ጊዜ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የአባቶቿን ሃይማኖት አልክድም በማለቷ ዠበይ ወደምትባል የምዕራብ ቆላ ሀገር ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የተዋሕዶ እምነት እንዲመለስ ዐዋጅ እስካስነገረበት ጊዜ ድረስ የብዙ ምእመናን ደም ፈሷል። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በግዞት ሀገርና በጣና ዙሪያ ሰባት ማኅበራትን መሥርታ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ማኅበሩን እንድትመራ አደራ የተቀበለችውም እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እመ ምኔት ሆናም አገልግላለች።

እንግዲህ ታሪኩን ከስሙ ጋር ስናስተያየው የስሙ ትርጕም በሕይወት ተፈጽሞ እናያለን። የአብን ፈቃድ በመከራ ጊዜ የፈጸመች፣ ለሌላይቱ እናትም እስከ ሞት እኅት የሆነች ናት።

ስሙና አካባቢው

ስሙ ለጎንደር ክፍል ምእመናን ከሩቅ የመጣ አይደለም። የጭልጋ ዋና ከተማ አይከል ከጎንደር በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በደጋው ጫፍ ትገኛለች። በአንድ ወገን በደምቢያ በኩል ወደ ጣና ይወረዳል፤ በሌላው ወገን ወደ ሱዳን ወሰን የሚዘልቀው ቆላ ይጀምራል። የእነዚያ እናቶች የገዳም ኑሮና የግዞት መከራ የተፈጸመው በጣናና በምዕራቡ ቆላ ነው፤ አይከልም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለች ናት። በዚያ ለሚወለዱ ሴቶች ልጆች ይህን ስም ማውጣት የራስን አገር ታሪክ ማስታወስ ነው።

ለምን ብርቅ ሆነ?

የመጀመሪያው ምክንያት የስም አወጣጡ ልማድ ነው። ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ ብዙውን ጊዜ ስሟን የሚያወጣው ከዕለቱ በዓል ወይም ከደብሩ ታቦት በመነሣት ነው። እንዲህ ሲሆን «ወለተ» ከቅዱሱ ስም ጋር ይጣመራል፤ «እኅተ ክርስቶስ» ግን ታስቦ ካልተመረጠ በዚህ መንገድ አይመጣም። ሁለተኛው ትሕትና ነው፤ ሰው ራሱን ልጅ ወይም አገልጋይ ማለት ይቀለዋል። ሦስተኛው፣ የእናታችን የእኅተ ክርስቶስ ታሪክ በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ውስጥ ስለሚነገር ብዙ ምእመናን ስሟን ለይተው አያውቁትም።

ስሙን በግማሽ አንጥራው

ዘርፍ ያለው ስም ሁሉ አንድ አደጋ አለበት፤ በግማሽ ይቀራል። «እኅተ» ብቻ ተብሎ ሲጠራ የማን እኅት እንደሆነች አይታወቅም፤ የስሙ ክብር ያለበት ክፍል ይወድቃል። በጽሑፍ ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው በቅጽ ላይ ሲሞሉ «ክርስቶስ» የሚለው የአባት ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ የወላጅ አባቷም ስም ወደ አያት ቦታ ይገፋል። በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩ ምእመናን ይህ ስሕተት ከትምህርት ቤት እስከ ፓስፖርት ይከተላቸዋል። በዐዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባልና፣ ስሙን የመዝገብ ስም ለማድረግ የሚፈልጉ ወላጆች «እኅተክርስቶስ» ብለው አጋጥመው እንዲያስጽፉ እንመክራለን።

ስሙ ለክርስትና ብቻ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ከቤተሰብ ይጀምራል። ልጅ በቤት በዓለም ስሟ ስትጠራ ትኖርና የክርስትና ስሟ በክርስትና እናቷና በወላጆቿ ልብ ብቻ ይቀራል። እነርሱ ሲያልፉ ስሙም አብሮ ይጠፋል። ብዙዎች ካደጉ በኋላ ለቅዱስ ቍርባን ሲቀርቡ፣ ወይም ቤተሰብ ለጸሎተ ፍትሐት ስም እንዲሰጥ ሲጠየቅ መልስ የሚያጣው ስለዚህ ነው። ሴት ልጅ ትዳር ይዛ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከትውልድ አጥቢያዋ ስትርቅ የሚጠይቁት ሰው በአጠገቧ አይኖርም። በመሆኑም ወላጆችና የክርስትና እናቶች ስሙን በአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ማስጻፍ፣ የምስክር ወረቀቱን መጠበቅ፣ ከሁሉም በላይ ለልጅቱ ሙሉ ስሟን ከነትርጕሙ መንገር ይገባቸዋል። ስሟን የምታውቅ ልጅ የተጣለባትን አደራ ታውቃለች።

የቅድስት ወለተ ጴጥሮስና የእናታችን የእኅተ ክርስቶስ በረከታቸው ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።