ኮከብና መሰላል፤ የስልክ መደወያ ምልክቶች ስያሜ ከታሪኩና ከዋግ ኽምራ አኳያ ሲታይ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ በመደበኛ ስልክ የሚደውል ሰው በመጀመሪያ 033ን፣ ቀጥሎ 440ን፣ በመጨረሻም አራት አሃዞችን ይመታል። አሃዝ በየቋንቋው የታወቀ ስም ስላለው እስከዚህ ድረስ የስያሜ ችግር አይነሣም። ችግሩ የሚመጣው ከሰቆጣ ወደ አዲስ አበባ የሚደውለው ሰው የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ማዞሪያ ዘንድ ደርሶ የተቀረጸ ድምፅ ሲቀበለው ነው። ድምፁ «የውስጥ መስመሩን ቁጥር መትተው መሰላልን ይጫኑ» ሊለው ይችላል፤ በሌላ መሥሪያ ቤት «ፓውንድ»፣ በሦስተኛው «ሐሽ»፣ በአራተኛው «ካሬ» ሊባል ይችላል። ቁልፉ አንድ ነው፤ ስሙ ግን አራት ሆነ። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚያውቀው የኽምጣና ተናጋሪ ከአራቱ ስሞች የትኛው የትኛውን ቁልፍ እንደሚመለከት ሲያስብ ጊዜው ያልፍና መስመሩ ይዘጋል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው * እና # የተባሉት ሁለት ምልክቶች ወደ ስልክ ገበታ እንዴት እንደ ገቡ፣ በአማርኛ ምን ስም እንዳገኙና ይህን ስም ማጽናት ለተርጓሚውም ለሕዝቡም የሚሰጠውን ጥቅም ነው።

፩. ስልክ ያመጣቸው ቃላት

የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት የራሱን ታሪክ ሲተርክ መነሻ የሚያደርገው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ሐረርንና አዲስ አበባን ለማገናኘት የተጀመረውን የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ነው። መሣሪያው ከውጭ መጣ፤ ቃላቱ ግን በአብዛኛው ከደጅ የተገኙ ናቸው። «ስልክ» የሚለው ስም ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቺው ሽቦ ነው። ሕዝቡ ነገሩን የሰየመው በዓይኑ በሚያየው፣ ከእንጨት ወደ እንጨት በተዘረጋው ሽቦ ነበር ማለት ነው። «ደወለ» የተገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው። «ማዞሪያ» የሚለው ቃል መስመርን ከመስመር የምታገናኘውን ሠራተኛ ሥራ ይዞ ቀርቷል፤ ዛሬ ሥራውን ኮምፒዩተር ሲሠራውም ስሙ አልተለወጠም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው «ቀፎ» ነው። በማሯ ለታወቀችው ለሰቆጣ ሰው ቀፎ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ያ የንብ ቤት ስሙን በጆሮና በአፍ መካከል ለሚያዘው መሣሪያ አዋሰው፤ ኋላም ሽቦ የሌለው የኪስ ስልክ ሲመጣ ያንኑ ስም ወረሰ። እነዚህን ቃላት ኮሚቴ አልመከረባቸውም። የሙያ ቃል የሚያወጣ ሰው ግን ከእነርሱ አንድ ሕግ ሊማር ይችላል፤ ይኸውም ሕዝቡ ሲሰይም የነገሩን መልክ ወይም ሥራ ይመለከታል እንጂ የመጣበትን አገር ስም አይጠይቅም የሚለው ነው።

፪. የሁለቱ ቁልፎች አመጣጥ

በጣት የሚዞረው የቀድሞው ስልክ ዐሥር ቀዳዳዎች ብቻ ስለ ነበሩት ለኮከብም ሆነ ለመሰላል ቦታ አልነበረውም። በአሜሪካ የቤል ኩባንያ የቁልፍ ስልክን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ ያም ቢሆን ዐሥር ቁልፎች ብቻ ነበሩት። * እና # ከዜሮ ግራና ቀኝ የተጨመሩት በ1968 ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ሁለት ድምፆችን በአንድነት ያሰማል፤ የኮከብ ቁልፍ የ941 እና የ1209 ኸርዝ፣ የመሰላል ቁልፍ ደግሞ የ941 እና የ1477 ኸርዝ ድምፆች ጥምረት ነው። ማዞሪያው የሚሰማው ይህን ጥምረት እንጂ የምልክቱን መልክ አይደለም። መልኩና ስሙ የሚያስፈልጉት ለሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህም ጉዳዩ ከመሐንዲሱ ይልቅ የቋንቋ ባለሙያውን ይመለከታል።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስለ ስልክ ገበታ ባወጣው ደንብ የመጀመሪያውን ምልክት «ኮከብ»፣ ሁለተኛውን «ካሬ» የሚል ትርጉም ባላቸው ቃላት ከጠራ በኋላ፣ በሌሎች ቋንቋዎች አቻውን ወይም በብዛት የሚሠራበትን ስም መጠቀም እንደሚቻል ገልጿል። ደንቡን ቃል በቃል ተከትሎ # ምልክትን «ካሬ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ታማኝ ተርጓሚ ይመስላል፤ ነገር ግን ደንቡ ራሱ በሕዝብ ዘንድ የተለመደውን ስም አስቀድም ብሎ ሳለ ያንን መተዉ ነው።

በአገራችን የሞባይል አገልግሎት ከተጀመረበት ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህ ቁልፎች ከጥቂት መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ወጥተው በገበሬውና በነጋዴው እጅ ገቡ። ቀሪ ሒሳብን ለማወቅ *804#፣ ካርድ ለመሙላት *805*፣ በ2013 ዓ.ም. ለተጀመረው የቴሌብር አገልግሎት *127# መምታት የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። በዚህ ሂደት «ኮከብ» እና «መሰላል» የሚሉት ስሞች በሕዝብ አፍ ጸኑ።

፫. ሌሎች ሕዝቦች ምን ብለው ጠሩት?

የ* ስም በብዙ ቋንቋዎች ተመሳሳይ ነው። የግሪኩ «አስተሪስኮስ» ትንሽ ኮከብ ማለት ሲሆን፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት አርጌንስ የብሉይ ኪዳንን ትርጉሞች ጎን ለጎን ሲያሰልፍ ከዕብራይስጡ የተጨመረውን ንባብ ለይቶ ያሳየበት ምልክት ነው። የተርጓሚዎች መሣሪያ የነበረ ምልክት ነውና ዛሬ የስልክ ቁልፍ ሆኖ ሲያስቸግረን ባዕድ ልንለው አይገባም።

የ# ስም ግን እንደየሕዝቡ ዓይን ይለያያል። ጀርመኖች ሾጣጣ ካሬ የሚል ትርጉም ባለው ቃል «ራውተ» ይሉታል፤ ስዊድኖች ባለ አራት ማዕዘን ማለት «ፊርካንት»፤ ስፓኞች ትንሽ ትራስ ማለት «አልሞአዲያ»፤ ሩሲያውያን ፍርግርግ ማለት «ሬሾትካ»። ቻይናዎች በጽሕፈታቸው የውኃ ጉድጓድን የሚያመለክተውን ፊደል ስለሚመስል በዚያው ይጠሩታል። በእንግሊዝኛ «ፓውንድ» የተባለው የላቲኑ የክብደት መለኪያ ምሕጻር በጥድፊያ ሲጻፍ ከሰጠው መልክ የተነሣ ነው ይባላል፤ ይህ ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም። ለእኛ እጅግ የሚቀርበው የዕብራይስጡ «ሱላሚት» ነው፤ «ሱላም» መሰላል ነውና። ሁለት የሴም ቋንቋዎች አንዱ ከሌላው ሳይማከር አንድ መልክ አይተዋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በግዕዝ መሰላል «ሰዋስው» ይባላል። የግብፅ ቅብጦች የቃላት መፍቻ መጻሕፍታቸውን በዐረብኛ «ሱለም»፣ ማለትም መሰላል፣ ይሏቸው ነበር፤ ሊቃውንቶቻችንም የግዕዝን ቃል በአማርኛ የሚፈቱበትንና የቋንቋን ሥርዐት የሚያስተምሩበትን መጽሐፍ ሰዋስው አሉት። የዛሬው መዝገበ ቃላት አያት እርሱ ነው። እንግዲህ # ምልክትን መሰላል ያለው ሕዝብ ሳያስበው የእኛን ሙያ ጥንታዊ ስም ሰጥቶታል።

፬. የምልክቶቹ ሰዋስው

ንጽጽሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ምልክቶቹ በእርግጥ ሥርዐተ አገባብ አላቸው። በሞባይል መደበኛ ሥርዐት * በመነሻ ሲገባ አገልግሎትን ያስጀምራል፤ # በመነሻ ሲገባ ያስቆማል፤ *# ሁኔታውን ይጠይቃል፤  ** ይመዘግባል፤ ## ምዝገባውን ይሰርዛል። ለምሳሌ 21 ጥሪን ሁሉ ወደ ሌላ ቁጥር የማዛወር አገልግሎት መለያ ስለ ሆነ *21* ብሎ ቁጥሩን አስከትሎ በ# መዝጋት ጥሪን ያዛውራል፤ ##21# ያንኑ ያፈርሳል። በመካከል የሚገባው * ክፍልን ከክፍል ይለያል፤ በመጨረሻ የሚገባው # እንደ አራት ነጥብ ቃሉ ማለቁን ያስታውቃል።

ይህ ለቋንቋ ተማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛ ጽሑፎች * ያልተመዘገበን ወይም ሰዋስው የማይቀበለውን ቅርጽ ያመለክታል፤ # ደግሞ ቾምስኪና ሃሌ ስለ እንግሊዝኛ የድምፅ ሥርዐት ባሳተሙት መጽሐፍ የቃል ወሰን ምልክት ሆኖ ይገኛል። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968፣ ምልክቱ በስልክ ገበታ ላይ በገባበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም በሁለቱም ቦታ # ወሰንን መጠበቁ ልብ ሊባል ይገባል።

ተርጓሚው እንግዲህ «ኮከብ» እና «መሰላል» ሲል የቁልፉን ስም እንጂ የተግባሩን ስም አለመናገሩን መገንዘብ አለበት። «የመዝጊያ ምልክቱን ይጫኑ» ብሎ ተግባሩን ብቻ የሚጠራ መመሪያ ቁልፉን ለማያውቅ ሰው ምንም አይረዳም። ቁልፉ በስሙ ይጠራ፤ ተግባሩ ቢያስፈልግ ከስሙ በኋላ ይነገር።

ሌላው ጥንቃቄ አሃዝን ይመለከታል። 804ን «ስምንት መቶ አራት» ብሎ ማንበብ የተለመደ ነው። በዚህ ንባብ ዜሮው አይሰማም፤ የአማርኛ የቁጥር ስሞች፣ እንደ ግዕዝ አኃዞች ሁሉ፣ ለባዶ ቤት ድምፅ የላቸውምና። ሰሚው ቁጥሩን እንዲመታው ሲፈለግ «ስምንት፣ ዜሮ፣ አራት» ተብሎ በየአሃዙ መነገር ይሻላል።

፭. በመሥሪያ ቤት ማዞሪያ የሚገኙ ሌሎች ምልክቶች

የመሥሪያ ቤት ማዞሪያዎችን መመሪያ የሚተረጉም ሰው ከሁለቱ ምልክቶች ሌላ የሚከተሉትን ያገኛል። በአንድ የቁጥር ተርታ ውስጥ የሚገባ ነጠላ ሰረዝ መሣሪያው ለአፍታ ቆሞ እንዲቀጥል ያዝዛል፤ በብዙ ስልኮች ድርብ ሰረዝ ሲገባ ደግሞ መሣሪያው የባለቤቱን ፈቃድ ሳያገኝ አይቀጥልም። የመጀመሪያውን «ፋታ»፣ ሁለተኛውን «ጥበቃ» ማለት ይበቃል። አንባቢ በነጠላ ሰረዝ ትንፋሽ እንደሚወስድ ማዞሪያውም ትንፋሽ ይወስዳል። በአገር መለያ ፊት የሚጻፈው የመደመር ምልክትም፣ ለምሳሌ በ+251 ላይ፣ ሒሳብን አይመለከትም፤ ጥሪው ከአገር ውጭ የሚደወልበትን መነሻ ቁጥር ይተካል።

ማርክ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው በስፋት የታወቀው የማዞሪያ ፕሮግራም በ* ስም «አስተሪስክ» ተብሏል። በዚህ ፕሮግራም የቁጥር ንድፍ ሲጻፍ ኤክስ የተባለው ፊደል ከ0 እስከ 9፣ ዜድ ከ1 እስከ 9፣ ኤን ከ2 እስከ 9 ያለውን ማንኛውንም አሃዝ ይወክላል። በሌሎች የኮምፒዩተር ሥራዎች «ማንኛውም» የሚል ፍቺ ያለው * እዚህ ተራ ቁልፍ ብቻ ስለ ሆነ ተርጓሚው እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። ለእነዚህ ወካይ ፊደላት አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ስሙ ያልተጠራን ሰው «እገሌ» እንደምንል ያልተጠራውንም አሃዝ «እገሌ አሃዝ» ብንለው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባል ብለን እናምናለን።

፮. የዋግ ኽምራ ጉዳይ

ኽምጣና ከቢለን፣ ከቅማንትኛና ከአዊኛ ጋር የማዕከላዊ ኩሽ ቋንቋዎች ክፍል ነው። ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884፣ አፕልያርድ ደግሞ በ1987 ጥናት አሳትመውበታል፤ ዛሬ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይሰጣል። ሆኖም ተናጋሪው ስለ ገንዘቡና ስለ ጉዳዩ በስልክ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መመሪያ የአማርኛ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መስመር ተቋርጦበት የቆየ ሕዝብ የአንድ ጥሪን ዋጋ ያውቃል፤ መስመሩ ከተመለሰ በኋላ በስም ብዛት ምክንያት ጥሪው ሲመክን ማየት የሚያሳዝን ነው።

«መሰላል» እዚህ ላይ ጥቅሙ ይጎላል። መሰላል ወደ ቆጥ የሚወጣበት የቤት ዕቃ ስለ ሆነ የአማርኛ ዕውቀቱ አነስተኛ የሆነ ሰውም መልኩን በዓይነ ኅሊናው ሊያይ ይችላል፤ «ፓውንድ» ግን እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ባዶ ድምፅ ነው። ለኽምጣና ስያሜ ሲወጣ ግን «መሰላል»ን በቀጥታ መተርጎም ይበቃል አንልም። ሩሲያዊው ፍርግርግን፣ ቻይናዊው ጉድጓድን እንዳየ፣ የዋግ ሰውም ሌላ መልክ አይቶበት ይሆናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ተቀምጦ ቃል ልኮ ማጽደቅ ሳይሆን፣ ምልክቱን ለተናጋሪዎቹ አሳይቶ «ይህ ምን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ የስያሜ ሥራ መጀመሪያ መሆን ይገባዋል።

መደምደሚያ

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «ኮከብ» በሚለው ቃል ሥር የ* ቁልፍ፣ «መሰላል» በሚለው ሥር የ# ቁልፍ ስም እንደ ተጨማሪ ፍቺ ይግቡ፤ በንግግር የሚሰማው «ኮኮብ» ወደ «ኮከብ» ይመራ። «ፓውንድ»፣ «ሐሽ» እና «ካሬ» በዚህ ፍቺ ወደ «መሰላል» ይጠቁሙ እንጂ ራሳቸውን የቻሉ ተመራጭ ስሞች አይሁኑ።

መሰላል ከሁለት በላይ መወጣጫ ሊኖረው ሲገባ # ሁለት ብቻ አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ግን ቀፎውም ንብ የለበትም፣ ስልኩም ከሽቦው ከተላቀቀ ቆይቷል። ስም የሚለካው ነገሩን በመለየቱ እንጂ በሥዕሉ ፍጹምነት አይደለም። ይበልጥ የተራቀቀ ቃል ፍለጋ በሕዝብ እጅ ያለውን ጥሩ ስም የሚጥል ባለሙያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ይመስላል። ለዚያውም እዚህ በብብት ያለው፣ ወደ ቆጥ የሚያወጣው መሰላሉ ራሱ ነው።