«የጠላት ግዛት» ወይስ ነፃ አገር? ከ1933 እስከ 1937 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ድርድር

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ በበጌምድር ጦርነቱ ገና አላበቃም ነበር። በደብረ ታቦር የመሸገው የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠው በዚያው ዓመት ክረምት ሲሆን፣ ጎንደር ከጠላት የተለቀቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በመሆኑም የእብናት ተማሪ የነፃነቱን ቀን ሲያጠና የአካባቢው ሽማግሌዎች ከሚነግሩት ጋር ባይገጥምለት አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ ይልቅ የዘገየው የአስተዳደሩ ጉዳይ ነበር።

የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ጥር 27 ቀን 1933 ዓ.ም. መንግሥታቸው ነፃ ኢትዮጵያ እንደገና ብትቆም ደስ እንደሚለው ለምክር ቤት አስታውቀው ነበር። በተግባር ግን አገሪቱን የያዘው «የተያዙ የጠላት ግዛቶች አስተዳደር» የተባለው የጦር መሥሪያ ቤት ሆነ። የበላይ ኃላፊው ሰር ፊሊፕ ሚቸል ቀድሞ የኡጋንዳ ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው። ስያሜው ራሱ ክርክሩን ይዟል፤ እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ በሕግ አጽድቃ ስለነበር፣ ምድሪቱ ከጠላት እንደ ተወሰደች እንጂ ለባለቤቷ እንደ ተመለሰች አልተቆጠረችም።

ንጉሠ ነገሥቱ በሕግ ክርክር ብቻ አልቆሙም። አዲስ አበባ በገቡ በስድስተኛው ቀን ሚኒስትሮችን ሾሙ። የሚቸል ምክትል ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ ግን፣ ከኢጣሊያ ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም ሲሉ ተቃወሙ። በመጨረሻም ሹማምንቱ የእንግሊዝ አስተዳደር አማካሪዎች ተደርገው እንዲታዩ ስምምነት ተደረገ። ስሙ የእንግሊዝ፣ ሹመቱ የኢትዮጵያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ኢትዮጵያ ነፃ መንግሥት መሆኗን ዐወቀ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። እንግሊዛውያን አማካሪዎችና ዳኞች ተመደቡ፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ፤ የባቡር መስመሩ፣ ኦጋዴንና «የተከለለው ክልል» በእንግሊዝ ጦር እጅ ቆዩ። ይህን ውል የሚነቅፉ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ዳሩ ግን ግምጃ ቤቱ ባዶ እንደ ነበርና እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት መስማማቷን ሳይመለከቱ መፍረድ ተገቢ አይሆንም።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ውሉ እንዲቋረጥ አስታወቀ። እንግሊዝ በሎርድ ደ ላ ዋር የሚመራ መልእክተኛ ቡድን ላከች፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈረመ። የመልእክተኛው ቀዳሚነት ቀረ፤ የባቡሩ መስመር እንዲመለስ ተወሰነ። ኦጋዴን፣ ሐውድና የተከለለው ክልል ግን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆዩ፤ የሐውድና የተከለለው ክልል ርክክብ የተፈጸመውም በ1947 ዓ.ም. ነው።