ጽጌረዳና ጃካራንዳ፤ ከየት መጡ? ለእድራችን ግቢስ የሚበጀው የቱ ነው?



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ግቢያችን የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ መሽቶብን እንደተበተንን ታስታውሳላችሁ። የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫው ቤት ሲታደስ ከፊት ለፊቱ ባዶ የቀረውን ቦታ ከፊሎቻችን ጽጌረዳ ይተከልበት አልን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ የለም፣ ጃካራንዳ ይሁን አልን። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ባልንጀሮቼ በዚሁ ሳቢያ እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። እኔ በጡረታ የተገለልኩ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ እንጂ የእርሻ ምሁር አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም የሁለቱን ተክሎች ታሪክ ካነበብኩትና በዓይኔ ካየሁት አሰባስቤ ባቀርብ ለውሳኔያችን ይረዳል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ከጽጌረዳ ልጀምር። ብዙ ሰው ጽጌረዳ የፈረንጅ አበባ ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን አይደለም። ቀጋን የማያውቅ የደጋ ልጅ መቼም የለም። በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ በቅሎ ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ቀይ ፍሬውን እረኛ ሁሉ እየለቀመ የሚበላው፣ እሾሁ ልብስ የሚቀደው ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው። የሳይንስ ሰዎች ሮዛ አቢሲኒካ ብለው በአገራችን ስም ይጠሩታል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ስሙንም ብናይ ጽጌ በግእዝ አበባ ማለት ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወቅት በቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌ የሚባለውም ምድር በአበባ የምታጌጥበት ጊዜ ስለሆነ ነው።

በየደጃፋችን ያለው ድርብርብ አበባ ግን ሌላ መንገድ ተጉዞ ነው የደረሰን። የጥንቱ የአውሮፓ ጽጌረዳ አብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያብበው። የቻይናው እየደጋገመ ያብባል። የቻይናው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አውሮፓ ከገባ በኋላ አትክልተኞች ሁለቱን እያዳቀሉ አዳዲስ ዓይነት ማውጣት ጀመሩ። በ1867 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የወጣው ላ ፍራንስ የሚባለው የዘመናዊው ጽጌረዳ መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የነካኝ የአንዱ ጽጌረዳ ታሪክ ነው። ፍራንሲስ ሜያን የተባለ የሊዮን ከተማ አካባቢ አትክልተኛ በ1935 እ.ኤ.አ. ማዳቀል ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ዳር ዳሩ ሮዝ የሆነ ትልቅ አበባ አገኘ። ለገበያ ሳያወጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰ። ሰውዬው ልፋቱ እንዳይጠፋበት ተክሉን ወደ ጀርመን፣ ወደ ጣሊያንና ወደ አሜሪካ ላከ። ከዚያማ መገናኛው ሁሉ ተቋረጠ። አንዱ አገር ሌላው ምን እንዳለው ሳያውቅ እያንዳንዱ የራሱን ስም አወጣለት። እሱ ራሱ በእናቱ ስም ጠራው፤ ጀርመኖች የእግዚአብሔር ክብር አሉት፤ ጣሊያኖች ደስታ አሉት። አሜሪካኖች ደግሞ ሚያዝያ 21 ቀን 1937 ዓ.ም. ሰላም ብለው ሰየሙት። በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታትን ድርጅት ለማቋቋም የየአገሩ ልዑካን ሳን ፍራንሲስኮ ተሰብስበው ነበርና ከዚሁ አበባ አንዳንድ ተበረከተላቸው። ከመሥራቾቹ አንዷ አገራችን ነበረች። ከአምስት ዓመት ወረራ ከወጣች ያን ጊዜ ገና አራት ዓመቷ ነው። ይህን ሳነብ አበባን ለልቅሶና ለሠርግ ብቻ አድርጌ በማሰቤ ትንሽ አፈርኩ።

ዛሬ ደግሞ የዝዋይ፣ የሆለታና የሰበታ እርሻዎች ጽጌረዳ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ እየሄደ አገራችን በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ሆናለች። ስለዚህ አየሩና አፈሩ አይስማማውም የሚል ካለ ክርክሩን ይተው።

ወደ ጃካራንዳ ልለፍ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አርጀንቲናና ቦሊቪያ። ስሙንም ያገኘው ከዚያው አገር ነባር ሕዝብ ቋንቋ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ እየተጫነ ወደ አውስትራሊያና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። የፕሪቶሪያ ከተማ ዝናዋ ሁሉ በሱ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. አንድ ነዋሪ ሁለት ችግኝ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ተከለ፤ ሁለት ብቻ። ከአሥር ዓመት በኋላ ጄምስ ክላርክ የተባለ ችግኝ ሻጭ ከአውስትራሊያ የባሕር ዛፍ ዘር ሲያስመጣ በመካከሉ የጃካራንዳ ዘር ተቀላቅሎ አገኘ። አፍልቶም በ1906 እ.ኤ.አ. 200 ያህል ችግኝ ለከተማው ሰጠ፤ እነሱም በመንገድ ዳር ተተከሉ። ዛሬ በከተማዋ 70 ሺሕ ያህል እንዳለ ይነገራል። ይሁንና ዘሩ ክንፍ አለው፤ በነፋስ እየሄደ በየወንዙ ዳር እየበቀለ ነባሩን ተክል ስላስቸገረ የደቡብ አፍሪካ ሕግ ወራሪ ዛፍ ብሎ መዝግቦታል። የቆየው በከተማ እንዲኖር ተፈቅዷል፤ አዲስ መትከል ግን ክልክል ነው። ይህን የምጽፈው ጃካራንዳ ወዳጆቼን ለማስከፋት አይደለም፤ ነገሩ በሙሉ ይታወቅ ብዬ ነው።

ባሕር ዛፍ ካነሣሁ አይቀር የኛንም ላንሣ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ስትሰየም ስሟ የአበባ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ ሲመጣ ነው ከተማው በቦታው የጸናው። የአበባ ስም የያዘች ከተማ በማገዶ ዛፍ ተረፈች ማለት ነው። አባቶቻችን ዛፍ የሚተክሉት ወይ ለማገዶ ወይ ለጥላ ነበር፤ በየደብሩ ዙሪያ ያለውን ጽድና ወይራ ተመልከቱ። ለአበባው ውበት ሲባል ዛፍን በመንገድ ዳር መደርደር በኋላ የመጣ ነው። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ጃካራንዳው ሲያብብ መንገዱ ሐምራዊ ምንጣፍ የተነጠፈበት መስሎ ያየዋል።

እንግዲህ ወደ ግቢያችን። በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ጃካራንዳ ነበረ፤ ማን እንደተከለው አላውቅም፤ ከግንቡ ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ነበር የራቀው። ችግኝ ሳለ ማንም ነገሬ አላለውም። ውሎ አድሮ ሥሩ መሬቱን አነሣው፣ ግንቡም ተሰነጠቀ፣ ጎረቤቱ ከሰሰ። ደብዳቤውን ሁሉ መዝግቤ ያስገባሁ እኔ ነበርኩ፤ ፋይሉ ከዛፉ ግንድ አይተናነስም ነበር። ጥፋቱ ግን የዛፉ አይደለም። እስከ 15 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ ዛፍ ከግንብ ሥር አይተከልም። ከዘር የበቀለ ከሆነ ደግሞ ለማበብ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ውሃ የሚተኛበት መሬትም አይወድም። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ ነው የሚያብበው፤ ስለዚህ ፀሐዩ በሚበረታበት ወራት ጥላው ሳሳ ይላል። የወደቀው አበባ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ከዘራ የምንይዝ እንጠንቀቅ።

ጽጌረዳስ? ጽጌረዳን እኔ ቤት ያስገባችው ባለቤቴ ነበረች። ከጎረቤት እርሳስ የሚያህል ቁራጭ ለምና አምጥታ በዘይት ቆርቆሮ ተከለችው፤ በዓመቱ አበበ። ከሱ ሌላ ሦስት አባዛች። ክሽክሽ ሲወርደው በሳሙና ውሃ ታጥበዋለች፣ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ሲወጣ የታመመውን ትቆርጣለች፣ በበጋ ማታ ማታ ታጠጣለች። እሷ ያረፈች ጊዜ እናንተው ናችሁ የቀበራችሁልኝ። ከዚያ በኋላ ባለው በጋ እኔ አበባ ትዝ አላለኝም። ሁለት ወር ያህል ጠብታ ውሃ ሳላፈስበት ቆየሁ። አንድ ቀን እትዬ ጎረቤቴ ገብተው፣ «ምነው ጋሼ፣ የሷን እጅ እንዲህ ያደርጉታል?» ብለው ሲቆጡኝ ነው የነቃሁት። ሦስቱ ደርቀዋል፤ አንዱ፣ ያ የመጀመሪያው፣ ከሥሩ አቆጠቆጠ። አሁንም አለ።

ስለዚህ ሰዎች እኔን ከጽጌረዳ ወገን ይቆጥሩኛል። ግን አይደለሁም። ጽጌረዳ ሰው ይፈልጋል፤ በየቀኑ የሚያየው አንድ ሰው። የግቢያችን ዘበኛ አርጅተዋል፣ ቧንቧውም በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የምናውቀው ነው። ዛፉ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ከጠበቁት በኋላ ራሱን ይችላል። ወንበር አውርደው ድንኳን የሚጭኑት ልጆቻችን ከጥላው ሥር አረፍ ይላሉ። አንዲት እናት በስብሰባው ላይ «እኛ ሳናየው ማን ሊያየው ነው?» ብለው ነበር። ልክ ናቸው፣ ብዙዎቻችን ሲያብብ አናየው ይሆናል። የእድሩን ድንኳን መጀመሪያ የገዙትም ሰዎች ዛሬ ከእኛ ጋር የሉም፤ እኛ ግን እየተጠለልንበት ነው።

የኔ ሐሳብ አንድ ጃካራንዳ ብቻ፣ በግቢው መካከል፣ ከመጋዘኑም ከአጥሩም ከስምንት ሜትር ባላነሰ ርቀት እንዲተከል ነው። በመግቢያው በር ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ጽጌረዳ ይበቃል። ሁለቱን ቁራጮች ከባለቤቴ ተክል እኔ እሰጣለሁ፤ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝም አጠጣለሁ። ችግኙ በሰኔ ማለቂያ፣ ዝናቡ ሲጸና ነው የሚተከለው፤ ጉድጓዱ ግን በግንቦት ተቆፍሮ ፍግ ሊገባበት ይገባል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ለእድሩ ዳኛ አስመዝግቡ።