የአሮጌ ጐማና የሲሚንቶ ታሪክ

የሰው ልጅ የፈጠራን ታሪክ ሲጽፍ፥ አንድ ነገር እንዴት እንደ ተገኘ በሰፊው ይተርካል፤ አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ ወዴት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የመኪና ጐማ ታሪክ ይህን ጥያቄ ግድ ያደርገዋል።

የፖርትላንድ ሲሚንቶ ስሙን ያገኘው፥ ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ በ1824 የፈጠራ መብት ባወጣ ጊዜ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ኹሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1839 ደግሞ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ከዛፍ የሚንጠባጠበውን ጐማ ከድኝ ጋራ ቢያሞቀው፥ በሙቀት የማይለሰልስ፥ በብርድም የማይሰባበር ሆኖ አገኘው። በ1888 ጆን ዳንሎፕ በቤልፋስት በነፋስ ለሚነፋው ጐማ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ፥ ዓለም በጐማ ላይ መሽከርከር ጀመረ።

ነገር ግን ይህ በረከት ዕዳ ነበረበት። ድኙ የጐማውን ክሮች እርስ በርሳቸው ስለሚያስተሳስራቸው፥ ጐማው እንደ ብረት ቀልጦ እንደ ገና አይቀረጽም፤ ቢጥሉትም ቶሎ አይበሰብስም። ስለዚህ ያረጀው ጐማ እንደ ተራራ ተከመረ። በ1983 በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ ግዛት በዊንቸስተር አጠገብ ተከምሮ የነበረ 7 ሚሊዮን ያህል ጐማ እሳት ተነሥቶበት ለወራት ነደደ። የኤውሮፓ ማኅበርም በ1999 ባወጣው መመሪያ፥ ሙሉ ጐማ ከ2003፥ የተቈራረጠውም ከ2006 ጀምሮ ከቆሻሻ ጋራ እንዳይቀበር ከለከለ።

በአገራችን ከአሮጌ ጐማ በረባሶ የሚሠራው ባለእጅ ለዚህ ችግር የራሱን መልስ ሰጥቷል፤ ዳሩ ግን በረባሶ ብቻውን የዓለምን ክምር አይፈጅም። ስለዚህ መሐንዲሶች ጐማውን እየፈጩ በአሸዋና በጠጠር ፈንታ ከሲሚንቶ ጋራ ለማቡካት ሞከሩ።

በ1993 ኤልዲንና ሰኑሲ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፥ ጠጠሩ በሙሉ በጐማ ቍርጥራጭ ሲተካ፥ ኮንክሪቱ ጭነት የመሸከም ኀይሉን እስከ 85 በመቶ፥ ስበትን የመቋቋም ኀይሉንም እስከ 50 በመቶ እንደሚያጣ ገለጡ። ምክንያቱም ጐማ ከድንጋይ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ውሃንም ስለሚገፋ ሲሚንቶው አጥብቆ አይዘውም፤ በገጹም ላይ አየር ይዞ ይገባል። ነገር ግን ያው ጥናት የጐማውን መልካም ጠባይ ጭምር አሳየ፤ ይኸውም ኮንክሪቱ እንደ ሸክላ በድንገት አለመሰባበሩና ብዙ ኀይል ውጦ ቀስ በቀስ መሰንጠቁ ነው። በ2000 በብራዚል ሴግሬና ዮኬስ፥ የተፈጨው ጐማ አስቀድሞ በኮስቲክ ሶዳ ቢታጠብ ከሲሚንቶው ጋራ በይበልጥ እንደሚያያዝ አስረዱ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። ቆሻሻን ለማስወገድ ሲባል የሕንፃን ምሰሶ ማድከም፥ አንዱን ጕዳት በሌላ መለወጥ ነው፤ ምሰሶ ቢወድቅ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነውና። ነገር ግን ከባድ ጭነት በማይሸከም የእግረኛ መንገድ፥ ወይም የመኪናን ግጭት በሚያበርድ የመንገድ ዳር መከላከያ፥ በልክ የተጨመረ ጐማ ልስላሴው ጥቅም ይሆነዋል። አዋቂ ግንበኛ ለድንጋይ የድንጋይን፥ ለጐማም የጐማን ሥራ ይሰጠዋል።