የውጫሌ ካርታ

ፖከር የሚባለውን ጨዋታ የተማርኩት ሐይቅ ከተማ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። አንባቢ «ለቅሶና ቁማር ምን አገናኛቸው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ያውቀዋል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሴቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንቀላፋሉ፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው ወንዶች ደግሞ እንቅልፍን ለማባረር ካርታ እንበውዛለን። ሐዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው የሚደረግ ነውና ማንም አይቀየምም። የሞቱት አክስቴ ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ወሎ ልማድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጧል።

አስተማሪዬ ከአሜሪካ ለቀብር የመጣ የአጎቴ ልጅ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። የተለመደውን የካርታ ጨዋታ ሁለት ሌሊት ተጫውቶ ሰለቸውና፣ በሦስተኛው ሌሊት «ዛሬ የሰው ጨዋታ ላሳያችሁ» አለን። በገንዘብ መጫወት በለቅሶ ቤት ነውር ስለሆነ የተወራረድነው በንፍሮ ነበር። ለእያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ፍሬ ባቄላ ታደለን።

ደንቡ ሲነገር ቀላል ነው። ካርታው 52 ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ይታደላል፣ ማንም የሌላውን አያይም። ከሁሉ የሚያንሰው ምንም የማይገጥም እጅ ነው። ከዚያ በላይ አንድ ጥንድ፣ ከዚያ ሁለት ጥንድ፣ ከዚያ ሦስት አንድ ዓይነት ይመጣል። አምስቱ በቁጥር ተከታትለው ሲመጡ ይበልጣሉ፣ አምስቱም አንድ መልክ ሲሆኑ ደግሞ ያንን ይበልጣሉ። ሦስት አንድ ዓይነት ከአንድ ጥንድ ጋር ከዚህ በላይ ነው፤ አራት አንድ ዓይነት ሲሆን ይከበራል። በመጨረሻ ቁጥሩም ተከታታይ፣ መልኩም አንድ የሆነው አለ፤ ይህን በዕድሜ ዘመኑ ሳያይ የሚሞት ተጫዋች ብዙ ነው አሉ።

እኔ የመጀመሪያውን ሰዓት በሙሉ ይህን ቅደም ተከተል በቃሌ ለመያዝ ስታገል ባቄላዬ አለቀ። ጋሼ ሳቀና «አንተ የምታጠናው ካርታውን ነው፤ ጨዋታው ግን ካርታው ላይ አይደለም» አለኝ። ሒሳቡን በኋላ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ከ52 ካርታ አምስት አምስት እየተመዘዘ ሊመጣ የሚችለው የእጅ ዓይነት 2,598,960 ነው። ከዚህ ውስጥ 1,302,540 የሚሆነው፣ ማለትም ከግማሽ የሚበልጠው፣ ምንም የሌለው ባዶ እጅ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ፊቱን ያኮሳተረው ሰው ሁሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ኢምንት ነው። የጨዋታው ነፍስ ውርርዱ ላይ ነው። ተራህ ሲደርስ ሦስት ነገር ማድረግ ትችላለህ፦ ካርታህን ጥለህ መውጣት፣ ሌላው ያስያዘውን ያህል ከፍሎ መቆየት፣ ወይም ከዚያ በላይ መጨመር። ምንም ሳይኖረው የሚጨምር ሰው ሌሎቹን አስፈራርቶ ካስጣላቸው ባቄላውን ይሰበስባል።

በአንዱ ዙር እኔ ሁለት ጥንድ ይዤ ጋሼ አሥር ፍሬ ሲጨምር ደንግጬ ጣልኩ። ባቄላውን ጠቅልሎ ከወሰደ በኋላ «ምን ይዘህ ነበር?» ብዬ እጄን ወደ ካርታው ስዘረጋ መዳፌን በስሱ መታኝ። «ያልከፈለ አያይም» አለ። ይህ የጨዋታው ጽኑ ደንብ ነው። ጥለህ የወጣህበትን እጅ እስከ ዕለተ ሞትህ አታውቀውም።

እዚህ ላይ አጠገባችን ያንቀላፉ የመሰሉን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከጋቢያቸው ውስጥ ብቅ ብለው «ይህማ የውጫሌ ጨዋታ ነው» አሉ። አምባሰል ተወልደው አምባሰል ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ውጫሌ ደግሞ ከሐይቅ በወልዲያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የምትገኝ የአምባሰል ከተማ ናት። ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ የሚባለው ቦታም እዚያው አካባቢ ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ስንት ጊዜ በውጫሌ እንዳለፍኩ እንጃ እንጂ ከአውቶቡስ ወርጄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለ ውጫሌ ውል ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የመምህሩ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። እስኪ እንደ ጀማሪ ካርታ ተጫዋች ከመጀመሪያው እንየው፤ ማን ምን ይዞ ነበር?

ዘመኑ 1881 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በደርቡሾች ጦርነት ቆስለው ሞቱ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዙፋኑ የኔ ነው ብለው ወደ ሰሜን፣ ወደ ወሎ ዘመቱ። የጣልያኑ መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊም አብሯቸው ነበር። በሚያዝያ 25 ቀን፣ ዐፄ ዮሐንስ ከሞቱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሃያ አንቀጽ ያለው ውል ተፈረመ። ውሉ ምኒልክን «ንጉሠ ነገሥት» ይላቸዋል፤ ዘውዱን እንጦጦ ላይ የጫኑት ግን ከስድስት ወር በኋላ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው። የዐፄ ዮሐንስ አልጋ ወራሽ የተባሉት ራስ መንገሻ ትግራይ ላይ አልገበሩም። የከብቱ እልቂት ጀምሯል፤ በኋላ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ እየመጣ ነው። እንግዲህ የምኒልክ እጅ ሲታይ ጥሩ ካርታ አለው፣ ግን ገና ያልገጠመ ካርታ ብዙ ነው። የሚፈልጉት ጊዜ፣ መሣሪያና የውጭ እውቅና ነበር።

አንቶኔሊስ? እሱ ከያዘው ካርታ አብዛኛው ምጽዋ ላይ ያለ ጦርና ገና ያልተያዘ ደጋ ነው። ረቂቁን ይዞ የመጣው ዮሐንስ በሕይወት ሳሉ ነበር፤ የተሰናዳውም ለአንድ የሸዋ ንጉሥ ነበር። ዕድል ግን ካርታውን በወዘችለትና የሸዋው ንጉሥ ያገሩ ሁሉ ጌታ ለመሆን ሲገሰግሱ ደረሰ።

ዝነኛውን 17ኛ አንቀጽ የማያውቅ ተማሪ የለም። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚያደርጉት ጉዳይ በጣልያን መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግን በጣልያን በኩል ለማድረግ «ተስማምተዋል» የሚል ነው። 19ኛው አንቀጽ ደግሞ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ ናቸው፣ ሁለቱም እኩል ይጸናሉ ይላል። ጣልያን ይህን ይዛ በጥቅምት 1882 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለማሳወቅ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ለሌሎችም ሲጽፉ፣ ከለንደን የመጣው መልስ ጉዳይዎ በጣልያን በኩል ይሁን የሚል ሆነ። ካርታው የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

አንቶኔሊ አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት ልዩነቱ አውቆ የተደረገ ነው ሲል ተከራከረ፤ ጣልያናዊው ካርሎ ጂሊዮ ደግሞ ይህን አልተቀበለውም። ሁለቱ በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ብዙ ተመላልሰዋል። እኔ ወደ ሩቤንሰን አደላለሁ። ደግነቱ በታሪክ ዘንድ ያልከፈለም ቆይቶ ማየት ይችላል፤ መዛግብት ይከፈታሉ።

ይሁንና «ተታለልን» የሚለው ታሪክ ግማሹ ብቻ ነው። ምኒልክ ሲታለሉ ብቻ የኖሩ ተጫዋች አልነበሩም። ደጃዝማች መኮንን ወደ ጣልያን ሄደው በመስከረም 22 ቀን 1882 ተጨማሪ ውል ሲፈርሙ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተገኘ፤ ዋስትናው የሐረር ቀረጥ ሆነ። መሣሪያው ገባ። በመስከረም 1883 ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የሁለቱ ጽሑፍ ቃል እንደማይገጥም አስታወቁ። አንቶኔሊ ሊከራከር አዲስ አበባ መጣ፣ እቴጌ ጣይቱም በክርክሩ ውስጥ ነበሩበት፤ በየካቲት ሳይስማሙ ተለያዩ። ከዚህ በኋላ ምኒልክ ወዲያው ጠረጴዛውን አልገለበጡም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ካርታቸውን ይዘው ቆዩ፤ ብድሩን ከፈሉ፤ ከጣልያን የሚላከውንም ጥይት ተቀበሉ፤ ከዚያ በየካቲት 1885 ውሉን አፈረስኩ አሉ። ጋሼ ይህን ስነግረው «ይኼ ሰውዬ ላስቬጋስ ቢሄድ አገር ይዞ ይመለስ ነበር» ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

የድሮ መኳንንቶቻችን የሚጫወቱት ሰንጠረዥ እንደ ፖከር የተሸሸገ ካርታ የለበትም። ሁሉም ገበታው ላይ ይታያል። ግን አንድ የራሱ ጠባይ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ወረራ የሚባል ጊዜ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያሰልፋሉ፣ አንዱም የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከታተለ የራሱን ያፈርሳል፣ ይሠራል። ከ1885 እስከ 1888 ያሉትን ዓመታት ሳስብ የሚታየኝ ይህ ወረራ ነው። በ1888 መጀመሪያ ክተት ታውጆ ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ ተሰበሰበ። ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ የመጀመሪያው ጠጠር ተበላ።

ፖከር የሚመለሰው የካቲት ላይ ነው። ጄኔራል ባራቲየሪ ስንቁ እያለቀበት ነበር። የምኒልክም ሠራዊት ተርቧል። ሁለቱም ቀድሞ የሚጥለውን ይጠባበቃሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም በቴሌግራም ይነዘንዛል፣ ጄኔራሎቹም እንሂድ ይላሉ። ባራቲየሪ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ዐድዋ ተራሮች ሲጠጋ፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ዋና ሐሳቡ ኃይሉን አሳይቶ ምኒልክን ወይ ወዳልተመቸ ቦታ ስቦ ማዋጋት፣ ወይ እንዲያፈገፍጉ ማድረግ ነበር። ባዶ እጅ ይዞ መጨመር ማለት ይህ ነው። የካቲት 23 ቀን ንጋት ላይ ምኒልክ ከፈሉና አዩት። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ውጫሌ ተሻረ።

ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሜ በኩራት መተኛት እችል ነበር። መምህሩ ግን ያን ሌሊት አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «እናንተ የምትወራረዱት በንፍሮ ነው፤ እነሱ በምን ተወራረዱ?» አሉ። ማንም አልመለሰም። «ሦስተኛውን አንቀጽ አንብቡት» ብለው ተመልሰው ተከናነቡ።

አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ የወሰን አንቀጽ ነው። ከአራፋሌ ጀምሮ በሐላይ፣ በሰገነይቲ፣ በአሥመራ አድርጎ መስመር ያሰምርና እነዚህን በጣልያን ወሰን ውስጥ ያስገባል። ውሉ ሲፈረም ጣልያን አሥመራን ገና አልያዘችም፤ ከረንን በግንቦት፣ አሥመራን በሐምሌ መጨረሻ ገባችበት። ይህ አንቀጽ በአማርኛውና በጣልያንኛው ልዩነት ተነሥቶበት አገር አልታመሰም። ቃሉ ግልጽ ነበር። ዐድዋ ላይ ድል ከተደረገ በኋላም የአዲስ አበባው ውል ጣልያንን ከመረብ ማዶ አላስወጣትም፤ በ1892 የተፈረመው የወሰን ውል መስመሩን በመረብ፣ በበለሳና በሙና ላይ አጸናው።

ምኒልክን የሚከላከሉ ሰዎች ሠራዊቱ ተርቦ ደክሞ ነበር፣ ጣልያን አዲስ ጦር ታመጣ ነበር፣ ደቡቡም ምሥራቁም ገና አልረጋም ይላሉ። ይህ እውነት ነው። የሚከሷቸውም መልስ አላቸው፤ እኔ ዳኛ ልሆን አልተቀመጥኩም። የከነከነኝ ሌላ ነው። 17ኛውን አንቀጽ ገና በልጅነታችን፣ «ይቻላቸዋል» የሚለውን ቃል ከነድምፀቱ አጥንተናል። ሦስተኛውን ግን ስንቶቻችን ተምረነዋል? የመጀመሪያው የንጉሡን ክብር ይነካል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሐማሴንንና የአካለ ጉዛይን ገበሬ። ጠረጴዛው ላይ እንደ ባቄላ የተቆጠሩት እነዚህ ሰዎች ከተጫዋቾቹ መሃል አልነበሩም፤ ካርታም አልታደላቸውም። በአማርኛችን መጫወቻውንም የአገር ሥዕሉንም አንድ ቃል፣ ካርታ፣ ብለን መጥራታችንን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

በማግስቱ፣ ጋሼ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት፣ አብረን ወደ ውጫሌ ወጣን። መምህሩም መጡ። ይስማ ንጉሥ ላይ ቆመን የአምባሰልን ገደል እያየን ብዙም አላወራንም። ስንመለስ መምህሩ ከኪሳቸው አንድ እፍኝ የተረፈ ንፍሮ አውጥተው አካፈሉን። ጋሼ «ይኼ የማን ባቄላ ነው?» ቢላቸው «ያለቀበት ሰው የጣለው ነው፣ ብላ» አሉት። ባቄላው የእኔ ነበር።