ከህንድ ዘምተው በዎኪንግ የተቀበሩት

ዛሬ ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ወደምትገኘው ዎኪንግ ከተማ እንወስዳችኋለን። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1889 (ቀጥለን የምንጠቅሳቸውም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የህንዷ የቦፓል ገዥ ሻህ ጀሃን ቤገም በሰጡት ገንዘብ የተሠራ መስጊድ አለ። ከመስጊዱ ብዙም ሳይርቅ፣ በዛፎች መሐል፣ በጡብ የታጠረና በሩ ላይ ጉልላት ያለው አንድ ስፍራ ይገኛል። የዛሬው ወጋችን ስለዚህ ስፍራ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ከህንድ ወደ ውጭ ያዘመተችው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በፈረንሳይ ግንባር ከቆሰሉት ከፊሎቹ ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ ውስጥ ታከሙ። በብራይተን ከተማ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ሆስፒታል ሲሆን፣ ለሙስሊሙና ለሂንዱው ማእድ ቤቱም የውኃ ቧንቧውም ተለየ። ለቁስለኛው ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለሟቹስ?

ጀርመኖች የያዙት ይህንኑ ነበር። «እንግሊዞች ሙስሊሙን በሃይማኖቱ ሥርዓት አይቀብሩትም» እያሉ ያስወሩ ጀመር። የኦቶማኑ ሱልጣን በ1914 መጨረሻ በእንግሊዝና በአጋሮቿ ላይ ጂሃድ አውጀው ስለነበር ወሬው እንግሊዞችን አሳሰባቸው። የዎኪንግ መስጊድ ኢማም ሰድሩዲንም ለሙስሊሞች የተለየ የቀብር ቦታ እንዲሰጥ የጦር ሚኒስቴሩን ወተወቱ። ጀርመኖች ራሳቸው በ1915 በርሊን አቅራቢያ ለማረኳቸው ሙስሊሞች ከእንጨት መስጊድ ሠርተዋል። ሁለቱም ለእስልምና ተቆርቁረው ነው ብለን አንሞኝም። ቢሆንም ከአገሩ ርቆ ለሞተ ሰው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት፣ ፊቱ ወደ ቂብላ ዞሮ መቀበሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግንባታው በ1917 ተጠናቀቀ። ከዚያ ጦርነት 19 ወታደሮች አረፉበት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሟቾች ጋር 27 ሆኑ።

በ1960ዎቹ ግን ዱርዬዎች መቃብሮቹን ያበላሹ ጀመር። ስለዚህም ከ1968 አንስቶ አፅማቸው እየተነሳ ወደ ብሩክዉድ የጦር ሠራዊት መካነ መቃብር ተዛወረ። ጀናዛ ያለ በቂ ምክንያት ከቀብሩ እንደማይነሳ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ የተነሳው የሟቾቹን ክብር ለማስጠበቅ ነው፤ ይሁንና ዘበኛ ማቆም አይቀልም ነበር ወይ ያሰኛል። ከዚያ በኋላ አጥሩና በሩ ለዓመታት ባዶ መሬት ሲጠብቁ ኖሩ፤ ጡቡም እየፈራረሰ ሄደ።

በኋላ ቦታው ታድሶ በ2015 የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ ሆኖ ተከፈተ። ለ27ቱ ሰዎች፣ ግንዳቸው ነጭ የሆነ 27 የሂማላያ ዛፎች ተተከሉላቸው። ስማቸውም በድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ እነርሱ ግን ዛሬም ያሉት ብሩክዉድ ነው።